የቦቢ ተቅማጥ ለምን ይመላለሳል?

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሳችው አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ ናት። ቦቢ የሚባል የስምንት ወር ወንድ ውሻ አላት። የጀርመን ሼፐርድና የአበሻ ውሻ ዲቃላ ሲሆን ክብደቱ 18 ኪሎ ገደማ ነው። ከአራት ወሩ ጀምሮ ሆዱ ይበላሻል። ሦስት አራት ቀን ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይሻለዋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ይሰነብትና እንደገና ይጀምረዋል። በተነሳበት ቁጥር ከሰፈሯ ፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ትገዛለች። ክኒኑን ሲወስድ ቀጥ ይላል፤ ክኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል። ውሻው ይበላል፣ ይሮጣል፣ አልከሳም። ሰገራው ግን ልል ነው። ንፍጥ የመሰለ ነገር ይታይበታል፤ አልፎ አልፎም የደም ጭረት አለው። ሆዱን የሚያጠነክርለት ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግራት ነው የጠየቀችው።

መልሱ ጎረፈ። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ቡችላ የሚያሳድግ ሁሉ ቢያውቀው ስለምወድ በየቁጥሩ ተርኬዋለሁ። የራሴን አቋም ግን አልደብቅም። የሚመላለስ ተቅማጥ በየጊዜው ማስቆሚያ ሳይሆን አንዴ በደንብ ምርመራ ይፈልጋል። ማስቆሚያ እየተሰጠው የሚያድግ ቡችላ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ቁጥር 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ለቦቢ ምሕረት ተመኝቶ ጀመረ። ለጥቂት ቀን የተቀቀለ ሩዝና የዶሮ ሥጋ እንድትሰጠው መከራት። ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ዶሮ። የዶሮው ቆዳ ይገፈፋል፣ አጥንቱ ይወጣል። ጨው፣ ዘይትና ሽንኩርት አይገባበትም። በቀን አራቴ ትንሽ ትንሽ እንድታቀርብለትና ንጹሕ ውሃ ከአጠገቡ እንዳይጠፋም አሳሰባት።

ቁጥር 2

ይህችኛዋ በሩዝና ዶሮው ተስማማች፤ ግን ገደብ አበጀችለት። ሩዝና ዶሮ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም። አጥንቱ ገና እየጠና ላለ ውሻ ከጥቂት ቀን በላይ ሊቀለብ አይገባም። ከዚያ ቦቢ በደህናው ቀን የሚበላው ምን እንደሆነ ጠየቀች። በዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ በጊዜው የመጣ ጥያቄ ቢኖር ይሄ ነው። የውሻ ሆድ ታሪክ ከሳህኑ ይጀምራል።

ቁጥር 3

ባለቤቲቱ ራሷ መለሰች። ጠዋት ወተትና ዳቦ ይበላል። ምሳና እራቱ ከቤት የተረፈ ነው፤ በወጥ የራሰ እንጀራ፣ በጾም ቀን ሽሮ ወይም ምስር። የግቢው ዘበኛ ደግሞ ከሥጋ ቤት ሳንባና ቅንጥብጣቢ ያመጣለትና ጥሬውን ይሰጠዋል። ደረቅ የውሻ ምግብ የሚገዛለት ብር ሲኖር ነው። ሲያልቅ ወደ እንጀራው ይመለሳል። በበዓል አጥንት አይቀርበትም። ቦቢ ምግብ መርጦ እንደማያውቅና የቀረበለትን ሁሉ ጠርጎ እንደሚበላም ጨመረች።

ቁጥር 4

እዚህ ላይ የእንስሳት ሐኪም መሆናቸውን የገለጹ ሰው ገቡ። ረጅምና ትዕግሥት የተሞላ መልስ ነው የጻፉት። በኋላ ሁሉም ዶክተር እያለ የጠራቸው እሳቸውን ነው።

ከወተቱ ጀመሩ። ቡችላ ጡት ከተወ በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም በሆዱ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ይቦካል፣ ያስቀምጣል። ስለዚህ የጠዋቱ ወተት ዛሬውኑ እንዲቀር ነገሯት።

ወጡ ላይ ጠንከር አሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። መቀቀሉም መጥበሱም መርዙን አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በደሙ ላይ ጉዳት ሊያሳይ ይችላል። ለቦቢ ሲሰላ ዝቅተኛው መጠን ወደ 270 ግራም ይሆናል። የአበሻ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ጥቂት ጥቂቱም በየቀኑ ሲደጋገም ጉዳቱ ይደራረባል። በርበሬውና ቅባቱ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ቅባት የበዛበት ምግብ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከተራ ተቅማጥ የባሰ ሕመም ነው።

ከምግቡ ዓይነት ይልቅ የምግቡ መለዋወጥ ራሱ ብዙ ጥፋት እንደሚሠራም አስረዱ። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለለመዱት ምግብ የተዘጋጁ ናቸው። ዛሬ ሽሮ፣ ነገ ጥሬ ሳንባ፣ ከነገ ወዲያ ደረቅ ምግብ ሲሆን መላመጃ ጊዜ አያገኙም። ምግብ መቀየር ካለበት በሳምንት ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው። መጀመሪያ ሩብ አዲሱ፣ ከዚያ ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ሩብ፣ በመጨረሻ ሙሉው።

ቀጥለው ስለ ሰገራው ጠየቋት። ትንሽ ትንሽ እየሆነ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ፣ የሚያስምጥ፣ ንፍጥና ትኩስ ደም ያለበት ከሆነ ችግሩ ባብዛኛው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ብዙ ሆኖ የሚወጣና የሚያከሳ ከሆነ ትንሹ አንጀት ይጠረጠራል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ከሆነ ከላይ የሚደማ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት በደንብ ያየ ባለቤት ለሐኪም ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

መጨረሻ ላይ ጊዜ የማይሰጡትን ምልክቶች ዘረዘሩ። ተቅማጥና ትውከት አብረው ከመጡ፣ ደሙ ከበዛ፣ ውሻው ምግብ ከተወና ከተኛ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ከደረቀ፣ የአንገቱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። በተለይ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ላይ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ይፈራል። የፓርቮ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ይጀመርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት መቀጠል እንዳለበት አስታወሱ።

ቁጥር 5

ዕድሜያቸውን የጠቀሱ አንድ አባት ተከተሉ። በልጅነታቸው በአባታቸው ቤት ውሻ ሆዱን ሲታመም ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ በውሃ ይሰጠው እንደነበር አወሱ። እነዚያ ውሾች ላብራቶሪ ሳያዩ አርጅተው ሞቱ። ለልጃቸው እንደሚመክሩ አድርገው ነው የጻፉት፣ በፍቅር።

ቁጥር 6

ይህኛው ኮሶ ይሻላል ባይ ነው። የሰውን የኮሶ ትል የሚያወጣ አበባ የውሻውንም ያወጣል ብሎ ያምናል። የጎረቤቱ ውሻ ሰገራ ላይ ሩዝ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች እንደታዩና ኮሶ ከጠጣ በኋላ እንደጠፉ መሰከረ።

ቁጥር 7

ሰላሙ እዚህ ላይ ደፈረሰ። ቁጥር 7 ሁለቱን በአንድ ላይ ወረደባቸው። ነጭ ሽንኩርት መርዝ መሆኑን በቁጥር 4 ሐኪሙ ገልጸው ሳለ ያንኑ ማዘዝ ውሻ መግደል እንደሆነ ጻፈ። ኮሶው ላይም አልራራም። ኮሶ ለሰው እንኳ መጠኑ ሲያልፍ ይመርዛል፣ ዓይን እስከመጉዳት ይደርሳል። ለቡችላ መጠኑን የሚያውቅ ማን አለ ብሎ ጠየቀ። ሩዝ የመሰሉት ነጫጭ ነገሮች ባብዛኛው በቁንጫ የሚተላለፍ የውሻ ትል ክፍልፋይ ናቸው። ውሻው ሲልስ ቁንጫውን ይውጣል፣ ትሉም አብሮ ይገባል። ቁንጫው ካልጠፋ ትሉ ይመለሳል።

በነገሩ ቁጥር 7 ልክ ነው። አጻጻፉ ግን አላማረኝም። አዛውንቱን አንተ እያለ ነው የሰደባቸው።

ቁጥር 8

አዛውንቱ ተመልሰው መጡ። መታረማቸውን ተቀብለው ነጭ ሽንኩርቱን አንስተዋል። አነጋገሩን ግን አልተቀበሉትም። ሰው የሚያውቀውን ይዞ ለመርዳት ሲመጣ እንዲህ አይባልም ብለው ቅሬታቸውን አሰሙ። ሦስት ሰዎች ወዲያው ደገፏቸው። ቁጥር 7 ይቅርታ ሳይጠይቅ ዝም አለ።

ቁጥር 9

ከቨርጂኒያ የጻፈች እህት ናት። እሷም ተመሳሳይ ችግር ያለበት ቡችላ ነበራት። ሐኪሟ ፕሮቲኑ በጣም የተሰባበረ ልዩ ምግብ አዘዘላት፤ የውሻው ሰውነት እንደ ባዕድ እንዳያየው ተደርጎ የተሠራ ነው። ሌላ ምንም ሳይቀምስ ያንኑ ብቻ በላ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰገራው ጠነከረ። ሥር በሰደደ ተቅማጥ ከሚሠቃዩት ውሾች ብዙዎቹ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ በምግብ ለውጥ ብቻ እንደሚድኑ አስረዳች። የጀርመን ሼፐርድ ደም ስላለበትም የቆሽት ኢንዛይም እጥረት እንዲመረመር ጠቆመች። ለአንጀት የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎች ያሉበት ዱቄትም አለ ብላ የሱቆች ስም ደረደረች።

ቁጥር 10

ሰላ ያለ መልስ ነው። ያ የልዩ ምግብ ከረጢት እዚህ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ እንደማይገኝና ቢገኝም ዋጋው የሰው ወር ቀለብ እንደሚያህል ነገራት። አሜሪካ ሆኖ መምከር ቀላል ነው ሲልም ወጋት። ነገር ግን ወግቶ አልተወም። ቦቢ ቀምሶት የማያውቀውን አንድ ሥጋ መምረጥ ይቻላል፣ ለምሳሌ ዓሣ ወይም የፍየል ሥጋ። ከአንድ እህል ወይም ከድንች ጋር ተቀቅሎ ሁለት ሳምንት ያንን ብቻ ይበላል። ዳቦ የለም፣ ወተት የለም፣ ዘበኛ የሚወረውረው ነገር የለም። አንዲት ጉርሻ ሙከራውን ታበላሸዋለች። ከተሻለው ደግሞ ለዘለቄታው የተሟላ ምግብ ከሐኪም ጋር ይቀየስለታል።

የቨርጂኒያዋ እህት ሐሳብ ከውጭ መጣ ተብሎ መናቅ አልነበረበትም። መርሁ አንድ ነው። አንዱ በከረጢት፣ ሌላው በድስት ይሠራዋል።

ቁጥር 11

የቆሽት ነገር ሲነሳ አንድ የጀርመን ሼፐርድ ባለቤት ተጠራ ማለት ይቻላል። የእሱ ውሻ ያ በሽታ ነበረበት። ያየውን በዝርዝር ጻፈ። ውሻው በጣም ይበላል፣ ግን አጥንቱ ወጥቷል። ሰገራው ክምር ነው፣ ገርጣ ያለ፣ ቅባት ያለበት። የራሱን ሰገራ እስከመብላት ይደርስ ነበር። ቆሽት የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ማመንጨት ሲያቆም የሚሆነው ይሄ ነው፤ ውሻው እየበላ ይራባል። በደም ምርመራ ይታወቃል። ከዚያ ለዕድሜ ልኩ ከምግቡ ጋር የኢንዛይም ዱቄት ይቀላቀልለታል። ዱቄቱ ሲጠፋ ሐኪሙ የከብት ቆሽት ያዘዙለት ጊዜም ነበር። ቫይታሚን ቢ12 በመርፌ መውሰድም አስፈልጎታል።

ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ ቦቢ ያ በሽታ የሌለበት እንደሚመስለው አስታወቀ። ያልከሳ፣ ንፍጥና ደም የሚያሳይ ውሻ ሌላ ነገር ነው። የራሱን ተሞክሮ በሌላው ላይ በግድ ያልጫነ ሰው መሆኑ ደስ ይላል።

ቁጥር 12 እና 13

ቁጥር 12 ሰው እየተራበ ስለ ውሻ ሆድ ይህን ያህል መጻፍ አሳፋሪ መሆኑን ተናገረ። ቁጥር 13 ካላማረው እንዲወጣ መለሰለት፤ ቃሉን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ጥቂት ሰዎች ከሁለቱም ወገን ገብተው ተሞሻለቁ።

ቁጥር 14

ያን ጭቅጭቅ ያበረደችው በጤና ሙያ ላይ ያለች ሴት ናት። ቁጥር 12ን አልሰደበችውም። የውሻው አንጀት የቤቱ ልጆች ጉዳይ መሆኑን ነው ያሳየችው።

ቡችላ ወስፋቱን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ሊወለድ ይችላል፤ በጡትም ይተላለፋል። እንቁላሉ በሰገራ ወጥቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አፈር ነክቶ እጁን አፉ የሚከት ሕፃን ሊውጠው ይችላል። ትሉ በልጁ ሰውነት ውስጥ ሲንከራተት ጉበትንና ዓይንን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ቡችላ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ደግሞ እስከ ስድስት ወር በየወሩ የትል መድኃኒት የሚሰጠው።

ከዚያ ወደ ቁጥር 3 ተመለሰች፣ ወደ ጥሬው ሳንባ። ይህን ክፍል ሳነብ ነው ውይይቱን መተረክ እንዳለብኝ የወሰንኩት። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ያ የአንድ ትንሽ የትል ዓይነት እጭ ማደሪያ ነው። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል። ውሻው አንዳች የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል። እንቁላሉ ወደ ሰው አፍ ከገባ ግን ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል። ለዓመታት ቀስ እያለ ያድግና ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅበት ደረጃ ይደርሳል። ሀገራችን ውስጥ በቄራም በየቤቱም በሚታረድ ከብት ላይ የተለመደ ነገር ነው። ሥጋ ቤት ለሰው አይሆንም ያለውን ለውሻ መወርወር ዑደቱን የሚያስቀጥለው እሱ ነው። ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚበሉ ውሾች በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ይመከራል። ከሁሉ የሚሻለው ጥሬውን ማቆም ነው።

ቁጥር 12 ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

ቁጥር 15

አንድ ሰው ስለ ጾም አነሳ። በሁዳዴ 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። ውሻው ሽሮና እንጀራ ሲበላ ይከርማል። ፋሲካ ሲነጋ ደግሞ የበግ ስብ፣ አጥንትና የዶሮ ወጥ ትራፊ በአንድ ጠዋት ይወርድበታል። የእሱ ውሻ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ይታመም ነበር። ከበዓል በፊት ለውሻው የሚሆን ሥጋ ለይቶ ቀቅሎ ማስቀመጥ ከጀመረ ወዲህ ቀረለት። አጥንቱንም ከለከለ፤ የበሰለ አጥንት ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል ወይም ይዘጋል።

ከዚህ ተነስቶ ማስታወሻ እንድትይዝ መከራት። ቀን፣ የበላው፣ የሰገራው ዓይነት፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ በቃ። የሚመላለስ ነገር መልኩ የሚታየው በወረቀት ላይ ነው።

ውሻ ይጾማል አይጾምም የሚል ክርክር ወዲያው ተነሳና የተወሰነ መንገድ ሄደ። ለቦቢ የሚጠቅም ነገር አልወጣውም።

ቁጥር 16

ዶክተሩ ተመለሱ። አሁን ያነሱት ሜትሮኒዳዞልን ነው። አብዛኛው ድንገተኛ ተቅማጥ በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል። ስለዚህ ክኒኑ ያቆመው የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሊቆም የነበረው ነው። ክኒኑ ግን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ጠርጎ ይወጣል፣ አንጀቱ ለሚቀጥለው ዙር ተጋልጦ ይቀራል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መመሪያም ቀላል ለሆነ ድንገተኛ የውሻ ተቅማጥ ፀረ ባክቴሪያ እንዳይሰጥ ይመክራል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ነርቭ ይነካል፤ ውሻው ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይርገበገባል። የሰው ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንና የሰው ሕመም ማስታገሻም ለቡችላ እንዳይሰጡ አጥብቀው አሳሰቡ።

ያዘዙት የሰገራ ምርመራ ነው። አንድ ናሙና አይበቃም። ጃርዲያ የሚባለው ተውሳክ በሰገራ የሚወጣው በየቀኑ ሳይሆን አለፍ አለፍ እያለ ነው። በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ይወሰዳል። ትኩሱ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ በሰዓታት ውስጥ ላብራቶሪ ይደርሳል፤ ካልሆነም ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። አቅራቢያዋ ያለ ክሊኒክ ማይክሮስኮፕ ከሌለው ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በኩል መሞከር እንደምትችል ጠቆሙ።

ቁጥር 17

ይህ ሰው ማታ ማታ ስለሚጮህ የጎረቤት ውሻ ነበር የጠየቀው። ሌላ ውይይት እንዲከፍት ተነገረው።

ቁጥር 18

ባለቤቲቱ ከውጤት ጋር መጣች። የመጀመሪያው ናሙና ባዶ ነበር። በሁለተኛው ጃርዲያ ተገኘ። ክብደቱ ተመዝኖ ፌንቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ታዘዘለት፣ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለአምስት ቀን። ወተቱንና ወጡን አስቀድማ አቁማ ስለነበር ከመድኃኒቱም በፊት መጠነኛ መሻሻል አይታለች። ሁሉንም በየቁጥራቸው አመሰገነች፣ አዛውንቱንም ጭምር።

ቁጥር 19

ቁጥር 7 ነው ብቅ ያለው። አሁን ለስለስ ብሏል፣ ግን ጥያቄው ስለታም ነው። ሜትሮኒዳዞል ጃርዲያንም የሚያክም መድኃኒት ሆኖ ሳለ ለምን ሳይገድለው ቀረ? እውነቱን ነው፣ ሰው ሁሉ የዘለለው ነጥብ ነበር። በዚያው መልስ መጨረሻ ላይ አዛውንቱን እርስዎ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ቁጥር 20

ዶክተሩ መለሱለት። አንደኛ፣ ሜትሮኒዳዞል ለጃርዲያ ከፌንቤንዳዞል ያነሰ አስተማማኝ ነው። ሁለተኛ፣ በግምት የተሰጠ፣ ሰገራው ሲጠነክር የሚቋረጥ መድኃኒት ተውሳኩን ያዳክመዋል እንጂ አይጨርሰውም። ሦስተኛው ዋነኛው ነው፤ ቦቢ ከገዛ ግቢው መልሶ ይይዘዋል። የጃርዲያ ቋጠሮ፣ ማለትም ተውሳኩ በሽፋን ተጠቅልሎ የሚወጣበት መልክ፣ ከሰገራው ጋር እንደወጣ ወዲያው ለመያዝ ዝግጁ ነው። ፀጉር ላይ ይጣበቃል፣ ውሻው ሲልስ ይውጠዋል። ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል፣ ክረምት ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው። ድርቀት ግን ይገድለዋል።

ስለዚህ ሥራው ግቢው ላይ ነው። ሰገራው በየቀኑ ይለቀም። ሲሚንቶው ታጥቦ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ፣ አንድ እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውሃ፣ ተደርጎበት በፀሐይ ይድረቅ። የውሃ ሳህኑ በየቀኑ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ኩሬ የያዘ ጉድጓድ ይደፈን። በመድኃኒቱ የመጨረሻ ቀን ውሻው በሳሙና ይታጠብ፣ በተለይ ከኋላው። ሌላ ውሻ ካለ እሱም ይታይ። ለልጆች ለፈራች እናት ደግሞ ውሻ ላይ የሚገኘው የጃርዲያ ዓይነት ባብዛኛው ሰው ላይ ከሚገኘው የተለየ መሆኑን አስረዱ። አደጋው ትንሽ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም፤ እጅ መታጠብ ይበቃዋል።

ቁጥር 21

አንዱ ፌንቤንዳዞል ስላጣ በሰው የትል መድኃኒት በአልቤንዳዞል መተካት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ዶክተሩ ከለከሉት። አልቤንዳዞል በውሻ መቅኔ ላይ ጉዳት ማድረሱ ይታወቃል። ለበግና ለከብት በሚሸጠው ፌንቤንዳዞል መጠቀም ግን ይቻላል። አንዱ እንክብል የተሠራው ለትልቅ ከብት ስለሆነ ግን በዓይን ቆርሶ መስጠት አይሆንም። ውሻው ይመዘን፣ ሐኪሙ ያስላው።

ቁጥር 22

የመጨረሻው የባለቤቲቱ ነው። ደረቁን ምግብ በሩብ ጀምራዋለች፣ በሳምንቱ መጨረሻ ሙሉ ይሆናል። ብር ሲያጥራት ወደ እንጀራው ላለመመለስ ሩዝ፣ የተቀቀለ ሥጋና ዱባ እየቀላቀለች ለማብሰል አስባለች፤ ካልሲየሙን ከምን እንደምታሟላ ሐኪሟን ትጠይቃለች። ለዘበኛው ስለ ሳንባው ስትነግረው ደንግጧል። እሱም ልጆች አሉት። ሳንባውን ማምጣቱን አልተወም፣ ግን መቀቀል ይፈልጋልና ስንት ሰዓት እንደሚበቃ እንድትጠይቅለት ልኳታል። ዶክተሩ ከሥር በአንድ መስመር መለሱ፤ ተቆራርጦ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከረጢት የታየበት ደግሞ ለውሻም ሳይሰጥ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር።